የዜማ ዕቃ በሕፃናት እጅ፤ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር ስለ ከበሮ፣ ስለ ጸናጽልና ስለ በገና ትምህርት የተጻፈ ታሪክ

በየዓመቱ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ሲገባ፣ ከጉና ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ባለው አገር የጅራፍ ድምፅ ከጋራ ወደ ጋራ ሲመላለስ ይሰማል። ጅራፉን የሚያጮኹት እረኞችና የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ከልጥ ወይም ከቃጫ ገምደው የሚያበጁትም እነርሱው ናቸው። መምህራን ድምፁን በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ ለተሰማው ለአብ ድምፅ መታሰቢያ፣ ችቦውንም ለብርሃነ መለኮቱ መታሰቢያ አድርገው ይተረጕሙታል። ልጁ ግን ትርጓሜውን ከመስማቱ አስቀድሞ እጁ ጅራፉን ለምዶታል። የዚህም ታሪክ ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ ይኸውም በዚህ አገር የዜማ ዕቃ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊሻገር የቻለው አስቀድሞ በልጅ እጅ ስለ ገባ ነው።

በሌላው ዓለም ይህንኑ አሳብ በሌላ መንገድ ሊፈጽሙት የደከሙ ሰዎች አሉ። በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሴል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1877 የዜማ ዕቃዎች ቤተ መዘክር ተቋቁሟል፤ በአሜሪካም በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ በ2010 እንዲሁ ያለ ታላቅ ቤት ተከፍቷል። አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይገቡና የቻይናውን፣ የህንዱን፣ የአፍሪቃውን የዜማ ዕቃ እየተዘዋወሩ ያያሉ፤ በፊኒክሱም ቤት ሕፃናት በእጃቸው እየመቱና እየነኩ የሚሞክሩበት ክፍል ተለይቶ ተሰጥቷቸዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ልጅ አንድ ቀን ነክቶት የሚሄድ ዕቃና ልጅ አድጎ የሚያገለግልበት ዕቃ ልዩነት አላቸው፤ የደብረ ታቦር አገር ሰው ከጥንት የያዘው ሁለተኛውን ነው።

የኢትዮጵያ ዜማ አባት የቅዱስ ያሬድ ታሪክም የሚጀምረው ከሕፃን ነው። በአክሱም በስድስተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከጌዴዎን ግርፋት ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ወጣ አየ፤ ከዚያም ተመልሶ ተማረ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም፤ በጭንቅ ጊዜ የሚጽናናበትም ነው። ኋላም ግዕዝ፣ ዕዝል፣ ዓራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች አስተማረ። በደቡብ ጎንደር በጋይንት አገር ያለችው ዙር አምባ ቅዱስ ያሬድ የተቀመጠባትና ዝማሬን ያስተማረባት ደብር ናት ተብሎ በአበው ይነገራል፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርትም ማስመስከሪያ ሆና የቆየች እርስዋ ናት። በዚያው ወገን ያለችው ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። እንግዲህ ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም የመጣ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ የጸና መሆኑን ለማስመስከር ወደዚህ ደጋ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ወደ አቋቋም ቤት የሚገባ ልጅ እንደ ገባ ከበሮ አይሰጠውም። ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓውን ቀጽሎ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ አስቀድሞ የሚማረው ቁም ዜማን ነው፤ ይኸውም ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በድምፅ ብቻ የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲያ በመቋሚያ የሚፈጸመው ዝማሜ ይመጣል፤ ቀጥሎም ከበሮና ጸናጽል የሚገቡበት መረግድ፣ ጭብጨባ የሚፈጥንበት ጽፋት፣ በመጨረሻም ወረብ። ይህ ቅደም ተከተል በከንቱ የተሠራ አይደለም፤ ዕቃው ድምፅን እንዲከተል እንጂ ድምፅ ዕቃውን እንዲከተል ስላልተፈቀደ ነው። ቸኩሎ ከበሮ የሚያነሣ ተማሪ በመምህሩ ፊት የሚገሠጸውም ስለዚህ ነው።

ከበሮው ከተቦረቦረ ግንድ ይሠራል፤ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ በሁለቱም ወገን ቆዳ ይለበጣል፤ ዙሪያውም በጠፍር ይታሰራል። ካህናት ጠፍሩን የጌታ ሥጋ በተገረፈ ጊዜ ለታየው ሰንበር፣ የሚለብሰውንም ጨርቅ በመከራው ጊዜ ላለበሱት ልብስ ምሳሌ ያደርጉታል። ስለዚህ ልጁ ከበሮ በተማረ ጊዜ ሕማማትንም ይማራል። በደቡብ ህንድ ምሪደንጋም የሚባል፣ እንዲሁ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ ከበሮ አለ፤ ሁለቱ በቅርጽ ዘመዳሞች ይመስላሉ። የእኛው ግን በካህናት ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሴት ልጅ ከእናትዋ ጋር በሠርግ ቤት የምትመታው ከበሮ አለ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአንድነት እያሸበሸቡ ይማሩታል።

ጸናጽል ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። በጥንት ግብፅ ሐቶር የምትባለው ጣዖት ካህናት ይይዙት ነበር፤ ኋላም በኢሲስ አምልኮ ምክንያት እስከ ሮም ድረስ ደርሶ ነበር። ጣዖቱ ከወደቀ በኋላ በግብፅም በሮምም ተረሳ፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በዜማዋ የምትመታው ጥንድ የናስ ሳሕንና ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ነው። በኢትዮጵያ ግን ጸናጽል በጌታ ቤት ቀረ። አበው የቆሙትን ሁለቱን ዘንግና በመካከላቸው ያሉትን ጋድሞች ያዕቆብ በሕልሙ ባየው መሰላል ይመስሉታል፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 6 ዳዊትና ሕዝቡ በታቦቱ ፊት ከመቱት የዜማ ዕቃም አንዱ እርሱ ነው። በቤተ መዘክር ውስጥ በመስታወት ተዘግቶበት የሚታየው የግብፅ ጸናጽል ድምፁ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ነው፤ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ግን የጸናጽል ድምፅ በየበዓሉ ይሰማል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ ስለ አገሪቱ የዜማ ዕቃዎች ጠይቆ ኖሮ፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለዜማ ታሪክ ጸሓፊው ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በፈረንጅ 1776 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ውስጥ አገባው። ብሩስ ስድስት ዓይነት ዕቃ ቈጥሯል፤ እነዚህም ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ባለ አውታሩ የበገና ወገን ናቸው። የኤውሮጳ ቤተሰብ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ ዕቃ በመጽሐፍ ለማንበብ ከቻለባቸው ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። የደብዳቤው ነገር የዕቃውን ቅርጽና አሠራር የሚመለከት ነው፤ ዕቃው ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚሻገር ለማወቅ ግን ከአንድ ትውልድ በላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መሻገር ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ታሪክ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ፣ በጣና ሐይቅ አጠገብ በናበጋ ጊዮርጊስ በ1814 ዓ.ም. እንደ ተወለዱና በ1898 ዓ.ም. እንዳረፉ ይጻፋል። ሕዝቡ ቀልዳቸውን ሲያወሳ ሊቅነታቸውን ይረሳል፤ ይህም ትንሽ ጉዳት አይደለም። በጎንደር በአታ ለማርያም ያስተማሩ፣ ቅኔን፣ ፍትሐ ነገሥትንና አቋቋምን የጠነቀቁ መምህር ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን የጎንደር አቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ተከፍሎ የሚታወቅ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና ግን ሌላ ዝማሜ አመጡ፤ በዚህ ዝማሜ መቋሚያውና የዘማሪው ሰውነት በቀስታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዛወዛሉ። አሳቡን ከየት እንዳገኙት ሲነገር፣ አንዳንዱ ከጣና ማዕበል ነው ይላል፤ አንዳንዱም ነፋስ ከሚያወዛውዘው የሐይቅ ዳር ደንገል ነው ይላል። በታንኳ ላይ ላደገ የፎገራ ልጅ ሁለቱም የቅርብ ነገሮች ናቸው።

የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ዝማሜ አልተቀበሉትም። ስለዚህ ነገር እነርሱን በድንቍርና መክሰስ አይገባም። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ጭፍሮች ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናትዋ ተቃጥለዋል፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ያንኑ ደገሙት። ደብረ ታቦርም ራስዋ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ በእሳት ጋይታለች። መጽሐፍ በተቃጠለበት አገር ዜማ የሚጠበቀው በመምህር ልብና በተማሪ እጅ ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አንዲት የመቋሚያ እንቅስቃሴ ስትለወጥ ያየ ሽማግሌ ሁሉም ይጠፋል ብሎ ቢፈራ የሚያስገርም አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ አለቃ ገብረ ሐና ያመጡት ነገር የድጓውን ቃል ወይም የያሬድን ዜማ የሚነካ አልነበረም፤ የአካልና የመቋሚያ ሥርዐት ነበረ እንጂ።

አለቃውም ከሊቃውንቱ ጋር ሲከራከሩ ዘመናቸውን አልጨረሱም፤ ዝማሜውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጁም ከአባቱ የተቀበለውን ይዞ ለሌሎች አስተማረ፤ ጎንደር ያልተቀበለችውም ስልት በጎጃምና በደብረ ታቦር ወገን ተማሪ አግኝቶ ጸና። ዛሬ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ይጠራል። ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ደራሲው አባት ሲሆኑ ስሙ የልጁ ሆነ። አባትየው በእልክ ለራሳቸው ይዘውት ቢሞቱ ኖሮ ከቀልዳቸው ሌላ የሚወራላቸው በጣም ጥቂት ይሆን ነበር።

ከውጭ አገር የመጡትም የዜማ ዕቃዎች በዚሁ ሕግ ተመዝነዋል። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ ካመጡት ገጸ በረከት ውስጥ ኦርጋን ይገኝበት ነበር፤ ኦርጋኑን የሚመታ ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ሰውም ከመልእክተኞቹ ጋር ነበረ። በቤተ መንግሥት ያዩት ተደነቁ። ነገር ግን ኦርጋን በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ውስጥ ሥር አልሰደደም፤ በዜማችን ሥርዐትም አንዳች ምልክት ሳይተው አለፈ። መደነቅ አንድ ነገር ነው፤ መማር ሌላ ነው።

ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የናስ መለከቶች በአዲስ አበባ ይሰሙ ጀመር፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመን ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰሙ። ከእነርሱም አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ነው። እነዚህ ልጆች ለጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ቢበተኑም፣ የተከሉት ትምህርት በኢትዮጵያውያን ወታደሮች ባንድ ቀጠለ። አባትና እናት የሌላቸው የባዕድ አገር ሕፃናት ለአንዲት መንግሥት አዲስ የዜማ ዕቃ ማስተማራቸው ከብዙ የጦርነት ታሪክ ይልቅ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው።

በገና ግን ከውጭ መጥቶ የጸና ሳይሆን በአገሩ ሳለ ሊጠፋ የደረሰ ነው። አበው ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ይዞት መጣ ይላሉ። ሁለት ዓምድ፣ አንድ ቀንበር፣ በቆዳ የተለበጠ ገበቴና አሥር አውታር አለው፤ እንዝራ የሚባሉት ትናንሽ ቍራጭ ቆዳዎች ከአውታሩ ሥር ሲገቡ ያንን ልብ የሚያስተክዝ ጕርምርምታ ይሰጡታል። የዚህ ዕቃ ወገን በዓለም እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በመስጴጦምያ በዑር መቃብር ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በቍፋሮ ተገኝተዋል፤ ግሪኮችም ኪታራ ብለው ይመቱት ነበር። በኤውሮጳ ግን በመካከለኛው ዘመን እየጠፋ ሄደ። ዛሬ በሕይወት ያለው በአባይ ወንዝና በቀይ ባሕር ዙሪያ በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ነው፤ ሱዳኖች ጠንቡራ፣ የግብፅ የባሕር ዳር ሰዎች ሲምሲሚያ፣ በኬንያ ያሉ ሉዎዎች ኒያቲቲ ይሉታል። ክራርም ታናሽ ወንድሙ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ለጸሎትና ለንስሐ ብቻ ተለይቶ፣ ለዘፈን ሳይሰጥ የቆየው በገና ነው።

ዓለሙ አጋ የሚባሉት የበገና መምህር በእንጦጦ ሲያድጉ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ በገና ደርዳሪ ጎረቤት ሆኑላቸው፤ ትምህርቱንም ከእርሳቸው ጀመሩ። ጎረቤትነት ይህን ያህል ይሠራል። ዓለሙ አጋ አድገው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። በዚህ መካከል አብዮት መጣ፤ በዐቢይ ጾም ከራዲዮ ይሰማ የነበረው የበገና ድምፅ ተቋረጠ፤ እርሳቸውም በ1972 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ለቀው በንግድ ሱቅ መኖር ጀመሩ። ቢሆንም በገናውን አልጣሉትም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚይዙ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በዙ፤ በባሕር ማዶ ያሉት ኢትዮጵያውያንም ለልጆቻቸው ያስተምሩታል። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከጎረቤቱ የተማረው ነገር ለዚህ ሁሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

በደብረ ታቦር አገር ያሉት የአብነት መምህራን ከዚያው ከአብዮቱ ዘመን የተቀበሉት ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ ርም የሚባል ሥርዐት ነበረ፤ ደብተራው በማኅሌት ለሚያገለግለው አገልግሎት መሬት ይሰጠዋል፤ ከመሬቱም ግብር ይበላል። የማኅሌቱ ከበሮ የቆመው በዚያ መሬት ላይ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት መሬታቸውን አጡ። ዐዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ስላወጣ ብዙ ድኻ ደስ ብሎታል፤ ደስታውም ተገቢ ነበረ። ነገር ግን በምትኩ የአቋቋምና የድጓ መምህር በምን እንደሚኖር አልታሰበም። መምህሩ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲወርድ ጉባኤው ይፈታል፤ ጉባኤው ከተፈታ ተማሪው ይበተናል፤ ከበሮው ግን በዕቃ ቤት ተሰቅሎ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ተማሪው አልጠፋም። ዛሬም በዚህ ደጋ ላይ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በሣር ጎጆ የሚያድር የቆሎ ተማሪ አለ። የደብረ ታቦርን በዓል የራሱ በዓል አድርጎ ከለመነው እህል ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ ቅኔ አዘጋጅቶ የአካባቢውን ሰው የሚጋብዘው እርሱ ነው። በሌላው ቀን ደግሞ ወደየመንደሩ ይወጣል። ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ ይጮኽበታል፤ የቤቱ እመቤት ቍራሽ እንጀራ ይዛ ትወጣለች፤ ልጆችዋም ከኋላዋ ተከትለው የዜማውን ድምፅ ለመስማት በራፉ ላይ ይቆማሉ።